ዳቦውም ተረቱም ይድረሳቸው፦ ስለ ዬላ ሌፕማን ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። መነሻው ደብረ ብርሃን ባሉት የተፈናቃዮች መጠለያዎች ለልጆች የተረትና የንባብ ሰዓት ይኑር የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ያነሱት ሰዎች ስደተኛዋን ጀርመናዊት የልጆች ደራሲ ዬላ ሌፕማንን በምሳሌነት ጠቅሰው ነበር። ጸሐፊው ሐሳቡንም ሴትዮዋንም አንድ ላይ ውድቅ አድርገዋል።

ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ጸሐፊው ለልጆቹ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነዚሁ ልጆች ጋር ስለምቀመጥ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ላስቀምጥ። የተራበ ልጅ የሚያስፈልገው ዳቦ ነው፤ ተረት ቅንጦት ነው። ሌፕማን ሕዝብ ሲሰቃይ ሸሽታ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሳ የተመለሰች ሴት ናት። እውነተኛው የልጆች ጠበቃ እስከ ሞት ከልጆቹ ያልተለየው ፖላንዳዊው ያኑሽ ኮርቻክ ነው። የእኛ ልጆች የራሳቸው ተረት ስላላቸው የፈረንጅ መጽሐፍ አያሻቸውም። የልጆች መብት የሚባለው ነገር ከውጭ መጥቶ ልጅን ያባልጋል። በመጨረሻም የሴትዮዋ ሥራ ፍሬ አላፈራም፤ አንድም ጦርነት አላስቆመም። ክርክራቸው ይህ ነው።

ሌፕማንን ለማያውቋት ደግሞ በአጭሩ ልንገር። ስለ ውጭ አገር ስጽፍ ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1891 ሽቱትጋርት ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በትምባሆ ፋብሪካ ለሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች የንባብ ክፍል ከፈተች። ባሏ በ1922 ሲሞት ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ጋዜጠኛ ሆነች፤ ለልጆችም ጻፈች። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁድ በመሆኗ ከሥራዋ ተባረረች። በ1936 አገሯን ጥላ ወጣች፤ እንግሊዝ ገባች። በጦርነቱ ጊዜ ለቢቢሲ ሠራች። በ1945 የአሜሪካ ጦር በሚያስተዳድረው የጀርመን ክፍል የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ ሆና ተመለሰች። ጸሐፊው «አሜሪካዊቷ» ማለታቸው ስለዚህ ልክ አይደለም። የተመለሰችው ወደተወለደችበት አገር ነው።

አሁን ወደ ዳቦው። ዳቦ ይቅደም የሚለውን ማን ይቃወማል? እርዳታ ሲዘገይ መጠለያው ውስጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ተረት አይሰማም። ወይ ያንቀላፋል፣ ወይ ይነጫነጫል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ረሃብ ብቻውን አይመጣም፤ ብርድ ይከተለዋል። ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከወለጋ ሙቀት ተነቅሎ የመጣ ልጅ የኅዳርን ውርጭ በሸራ ቤት ውስጥ ማሳለፍ አለበት። ለዚህ ልጅ መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ መጀመሪያ እንጀራ የሚል ሰው ትክክል ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም።

የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከሁለት አንዱን ምረጡ አድርገው አቀረቡት። ከዱቄቱ ተቀንሶ መጽሐፍ ይገዛ ያለ ሰው ግን የለም። የተጠየቀው አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያና ሰዓታቸውን የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ተረት የሚያወራ ሰው እቤቱ ቢቀር የማንም ልጅ ራሽን አይጨምርም።

ሌፕማንም ረሃብን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። በ1946 ጸደይ አሜሪካኖች በያዙት የጀርመን ክፍል ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ምግብ ወደ 1,275 ካሎሪ ወርዶ ነበር። ከተሞቹ ፈራርሰዋል። እሷ በዚያው ዓመት ለበርካታ አገሮች ደብዳቤ ጻፈች። ገንዘብ የለንም፤ ለልጆች የምታነቡትን ምርጥ መጽሐፋችሁን በስጦታ ላኩልን አለች። ቤልጅየም እንቢ አለች። ሁለት ጊዜ ጀርመን ወርሯታልና ቅያሜዋ የሚገባ ነው። ሌፕማን ተስፋ አልቆረጠችም። ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። እነዚህ ልጆች ለጦርነቱ ተጠያቂ አይደሉም፤ እነሱን ዛሬ ከሌላው ዓለም ካላገናኘናቸው ደግሞ ሦስተኛ ወረራ ሊመጣ ይችላል የሚል ነበር መልእክቱ። ቤልጅየምም መጻሕፍቱን ላከች። ኤግዚቢሽኑ ሐምሌ ላይ ሙኒክ ውስጥ ተከፈተ። አዳራሹ ሂትለር እሱ የሚወደውን ሥነ ጥበብ እንዲያሳይበት ያሠራው ነበር።

ያ ሁሉ ጥረት ለራበው ልጅ ነው። እንዲያውም መጻሕፍቱ ለሁሉም እንደማይዳረሱ ስታይ፣ መዋጋት ትቶ አበባ ማሽተት ስለሚወድ አንድ ኮርማ የተጻፈ ተረት ራሷ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመች። በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ አሳትማ አደለችው። ጥሩ ወረቀት እስኪገኝ፣ ሆድ እስኪጠግብ ልጠብቅ አላለችም።

ወደ ኮርቻክ ልምጣ። ጸሐፊው የተረትን ነገር ለመጣል የተጠቀሙበት እሱን ነው። ኮርቻክ ሐኪም ነበር፤ ደራሲም ነበር። ዋርሶ ውስጥ ከ1912 ጀምሮ የሙት ልጆች ቤት መርቷል። ናዚዎች አይሁዶቹን በአንድ ሰፈር አጥረው ሲያስርቡ እሱም ከልጆቹ ጋር ገባ። በየቀኑ እየዞረ ለልጆቹ ምግብ ይለምን ነበር። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው በሚገባ ነግረውናል። የተዉት ግን አለ። በዚያው ረሃብ መካከል፣ ሐምሌ 18 ቀን 1942፣ የኮርቻክ ልጆች የሕንዳዊውን የታጎርን ተውኔት በመድረክ አሳይተዋል። ተውኔቱ ታሞ ከቤት መውጣት ስለተከለከለ አንድ ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹም ኮርቻክም ናዚዎች ሰው ወደሚጨርሱበት ካምፕ፣ ወደ ትሬብሊንካ ተወሰዱ።

ከኮርቻክ በላይ የልጆችን ረሃብ የሚያውቅ ሰው ማን ነው? ለልጆቹ ምግብ የለመነው ሰውዬ ነው ልጆቹ ተውኔት እንዲያሳዩ ያደረገው። ጸሐፊው የመረጡት ምስክር ለእኛ ነው የመሰከረው።

ደግሞ የራሳችን አያቶች ነገሩን ለያይተውት አያውቁም። ተረት ሲያልቅ ምንድን ነው የሚባለው? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ተረቱም ዳቦውም በአንድ ምድጃ ዳር ነበሩ። ዳቦው የጠፋ ዕለት እንኳ ተረቱ ይቀጥል ነበር። ክፉ ቀን ያዩ አያት ያሉት ሰው ይህን ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ። ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ከልጆች ጋር እንቆቅልሽ ስንጫወት ያልመለሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ልጆቹ ጎንደርን ይሰጣሉ፣ አዲስ አበባን ይሰጣሉ፣ ናዝሬትን ይሰጣሉ። አንዱ ልጅ ተሸነፈና ጓደኛው በቀልድ «ወለጋን ስጠኝ» አለው። «እሱን አልሰጥም» አለ። ጨዋታው ቆመ። ከዚያ ልጁ ሳይጠየቅ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጥቁሯ ላማቸው ማውራት ጀመረ። እናቱ ከመጡ ጀምሮ ስለዚያ ቤት ትንፍሽ ብሎ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ይህን ያወጣው እንቆቅልሽ ነው። ስንዴውን ተቀብሎ በልቶ ነበር፤ ነገሩ ግን ውስጡ እንዳለ ነበር። ቅንጦት የሚለው ቃል ለዚህ አይሆንም።

ሁለተኛው ክስ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ኮርቻክ ቀረ፣ ሌፕማን ሸሸች። የሸሸ ሰው ስለ ልጆች ሥቃይ የመናገር አፍ የለውም።

ይህ ክርክር ለሸዋ ሰው አዲስ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ከፊሉ ዱር ገባ፣ ከፊሉ ተሰደደ። ራስ አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት እዚሁ ሸዋ ውስጥ ሲዋጉ ኖሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው የተሰየመላቸው ኃይለማርያም ማሞ በዚያው ተጋድሎ ወደቁ። ከነጻነት በኋላ አርበኛው ከስደት በተመለሰው ላይ የያዘው ቅሬታ ለብዙ ዓመት አልበረደም። ቅሬታው እውነት ነበረው። የቀረ ሰው የከፈለውን የወጣ ሰው አልከፈለም። ይህን እቀበላለሁ፤ ኮርቻክንም ከሌፕማን ጋር በመሥዋዕትነት አላስተያይም።

ግን የመርሐቤቴውን ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ምን እናድርጋቸው? ዕድሜያቸውን ሲጽፉና ሲያሳትሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሞቱ። ሌፕማንም ያኔ እዚያው እንግሊዝ ስደተኛ ነበረች። ኅሩይ ዱር ስላልገቡ የጻፉት ነገር ዋጋ አጣ? ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው አላውቅም። አርበኛው አገሩን በጠመንጃ ሲይዝ ሌላው በብዕር የያዘው ነገር ነበር።

ደግሞ የሌፕማን ሽሽት ምን እንደነበር እናስተውል። ባሏ ሞቷል። ሁለት ልጆች አሏት። ሥራዋን ተቀምታለች። ብትቀር የሚጠብቃት ምን እንደነበር ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቿን ይዛ ያመለጠች እናት «ሸሸች» ተብላ ከተወቀሰች፣ ወቀሳው ጀርመን ላይ አይቆምም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ይመጣል። መጠለያው ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ ልጅ አዝለው በሌሊት የወጡ ናቸው። ጸሐፊው ለእነዚህ እናቶች ነው የሚሟገቱት። ታዲያ በዚያው ሚዛን አንዷን ጥለው ሌሎቹን እንዴት ያነሳሉ?

ስለ ጦር ልብሱ የተባለው እውነት ነው። ለብሳለች። አሸናፊ ጦር ይዞት የመጣ ሰው በተሸናፊው አገር በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም። ነገር ግን ያባረራት፣ ወገኖቿን የፈጀ አገር ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ብትቀር ማን ይወቅሳት ነበር? እሷ ለገዳዮቹ ልጆች መጽሐፍ ለመለመን ተመለሰች። እኔ በዚህ ውስጥ ምቾት ፈላጊ ሰው አይታየኝም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ የፈረንጅ ተረት ነገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። በእርዳታ ተጭነው የሚመጡ፣ ልጆቹ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፉ፣ ካርቶን ውስጥ አቧራ የሚጠጡ መጻሕፍት አይቻለሁ። ከልጆች ጋር ፎቶ ተነሥተው በዚያው የሚጠፉ እንግዶችንም አይቻለሁ። በዚህ መናደዳቸው ይገባኛል፤ እኔም እናደዳለሁ።

«የራሳቸው ተረት አላቸው» የሚለው ግን አንድ ነገር ይረሳል። ተረት ያለ ተራች አይኖርም። መንዝና ተጉለት ውስጥ ማታ ምድጃ ዳር የምትተርተው አያት ናት። መፈናቀል መጀመሪያ የሚበትነው ይህን ምድጃ ነው። አያት ወይ በመንገድ ቀርታለች፣ ወይ ሌላ መጠለያ ናት፣ ወይ አርፋለች። እናት ቀኑን ሙሉ ውኃና ማገዶ ስትፈልግ ውላ ማታ የምትተርትበት አቅም የላትም። ተረቱ አለን ብለን የምንመካበት ጊዜ ውስጥ እየጠፋ ነው።

ከውጭ የመጣና የራስ የሚለው አጥርም ጸሐፊው እንዳሉት ጠንካራ አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ገቡ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። እዚያ ሆነው ነው በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ያጡት። ስለዚህ የሞኙን ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከዚያ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። የራሳችንን ተረት በመጽሐፍ መልሶ ያመጣልን ስደተኛ ነው። በጸሐፊው መስፈርት ይህ ሰው በየትኛው በኩል ይቆማል?

ስለዚያ አበባ ስለሚያሸተው ኮርማም ልንገራችሁ። ተረቱ ስለ ስፔን ኮርማ ነው፤ የጻፈው አሜሪካዊ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በቃሌ ተረክሁት። ከብት የጠበቁ፣ ወይፈን ሲያዋጉ ያደጉ ልጆች ናቸው የሰሙት። ክርክር ተነሣ። አንደኛው «ፈሪ ኮርማ ነው» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ «አልፈራም፤ አልፈለገም እንጂ» አለችው። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። የኮርማው አገር የት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የልጆች መብት ልጅን ያባልጋል ስለሚለው ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ራሳቸው የሚያከብሩት ኮርቻክ ይመልስላቸዋል። እሱ በሚመራው ቤት የልጆች ፍርድ ቤት ነበር። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። አሳዳጊ ቢያጠፋም ይከሰሳል፤ ኮርቻክ ራሱ እዚያ ቀርቧል። ኮርቻክን አንሥቶ የልጆችን መብት መጣል አይቻልም። ሰውዬው የኖረው ለእሱ ነው። ዛሬ ዓለም የሚሠራበትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሐሳብ በ1978 ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችውም የእሱ አገር ፖላንድ ናት።

ሌፕማን ሕግ አላረቀቀችም፤ የመብት ተሟጋች የሚለው ስም ይበዛባታል ያሉት ምክንያት አለው። ሕጉን የጻፉት ሌሎች ናቸው። ግን በ1989 የጸደቀውን ኮንቬንሽን ገልጠው ይዩ። አንቀጽ 17 መንግሥታት የልጆች መጻሕፍት እንዲታተሙና እንዲሰራጩ እንዲያበረታቱ ይላል። አንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት፣ በባህልና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት ያስቀምጣል። እሷ ይህን አርባ ዓመት ቀድማ በሥራ አሳይታለች። አገራችን ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ስለ ልጆች ነው፤ በትምህርት ቤትና ልጅ በሚያድግበት ተቋም ውስጥ በአካል ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብትን ጽፎታል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ አገራችን ሕግ ነው።

ጸሐፊው ሥርዓት ይጠፋል ብለው ይሠጋሉ። ሥርዓት የሌለው ልጅ እኔም አልወድም። ግን ተረት የሚሰማ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ይዩት። ተራውን ይጠብቃል። ጓደኛውን ያዳምጣል። ሽማግሌ ሲናገር ዝም ይላል። እኛ ሥርዓት የምንለውን እየተለማመደ ነው።

የቀረው የፍሬው ነገር ነው። አዎን፣ የሌፕማን መጻሕፍት ጦርነት አላስቆሙም። እንዲህ ዓይነቱ መስፈርት ግን ማንንም ያስወድቃል። ሐኪምም ሞትን አላስቀረም። የሠራችው በዓይን የሚታይ ነው። በ1949 ሙኒክ ላይ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ከፈተች። ልጆች እዚያ መጽሐፍ ከመዋስ አልፈው ይሥሉ ነበር፤ ያነበቡትን መጽሐፍ ይተቹ ነበር። ዛሬም ይሠራል። በ1953 ዙሪክ ላይ ዓለም አቀፉን የልጆች መጻሕፍት ማኅበር አቋቋመች። ማኅበሩ ከ1956 ጀምሮ በሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ስም ለልጆች ደራሲዎች ሽልማት ይሰጣል። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በአንደርሰን የልደት ቀን ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን ይከበራል። እሷ በ1970 አረፈች። ከስደት መልስ የጀመረ ሥራ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ቆየ።

ጸሐፊው «ለመሆኑ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ብለው ጽሑፋቸውን ጨርሰዋል። የሚፈለገው ይህ ነው። ዝናብ የማያስገባ አንድ ክፍል። በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ምክንያቱም ከልጆቹ ብዙዎቹ በሁለቱም ይጫወታሉ። መጠለያው ውስጥ ካሉት አረጋውያን መተረት የሚችሉትን ፈልጎ ማምጣትና ለድካማቸው ቢያንስ ቡናና ዳቦ ማቅረብ። የሚተርቱትን የሚጽፍ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። እርዳታ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ከቅዳሜ ጋር ከተጋጨ ተረቱ ይተላለፋል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይበላሉ።